ፓኬጁን ከማሳደጋችሁ በፊት



ጣራችሁ ላይ ያለው ዲሽ የሚቀበለው ሥዕል 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ኢትዮሳት የሚሠራበት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ በዚያ ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ከባድ ዝናብ ካልጣለ ወይም ንፋስ ዲሹን ካላጣመመው በቀር ያ ሥዕል ውሎ ያድራል እንጂ አይቆምም። ዩቲዩብ ላይ የከፈታችሁት ድራማ ግን፣ ራውተሩ መኝታ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሳሎን፣ በመካከላቸው አሥር ሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ ልክ ታሪኩ ሲጦፍ ቀጥ ይላል። ስክሪኑ መሀል ላይ ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ ሪሞቱን ይወቅሳል፤ ቀጥሎ ኢንተርኔት አቅራቢውን ያማል፤ በመጨረሻ አንዱ ተነሥቶ «በቃ፣ ፓኬጁን እናሳድገው» ይላል።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ውሳኔ ነው። ብዙ ጊዜ ከምርመራ በፊት የሚወሰን፣ በየወሩም የሚያስከፍል ውሳኔ ነው። ቪዲዮው የሚዘገየው ከአራት ቦታዎች በአንዱ ነው፦ በራሱ በቴሌቪዥኑ ወይም በሪሲቨሩ፣ በቤቱ ውስጥ ባለው ዋይፋይ፣ ከቤቱ እስከ አቅራቢው ባለው መስመር፣ ወይም ቪዲዮው በተቀመጠበት በሩቁ ኮምፒዩተር። ፓኬጅ ማሳደግ የሚጠቅመው ከአራቱ ለአንዱ ብቻ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም።

መጀመሪያ ከሳተላይቱ ጋር ያለውን ልዩነት እናጥራ። ሳተላይት አንዱን ሥዕል ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይረጫል። አንድ ቤት ቢያየው፣ ሚሊዮን ቤት ቢያየው፣ ሥራው ያው ነው። በፈለግነው ሰዓት መርጠን የምንከፍተው ቪዲዮ ግን ለእኛ ብቻ ተብሎ ይላካል። ጎረቤታችን ያንኑ ክፍል በዚያችው ደቂቃ ቢከፍት ሌላ ቅጂ ይላክለታል። ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት ሰዓት መንገዱ የሚጣበበው ለዚህ ነው።

ቪዲዮው ሲላክ ደግሞ አንድ ወጥ ሆኖ አይመጣም። ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ የጥራት ደረጃ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አፕል የራሱን የዚህ ዓይነት አሠራር በ2009 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በ2012 ደግሞ ዳሽ የተባለው ተመሳሳይ አሠራር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ታተመ። ቴሌቪዥናችሁ ላይ ያለው መተግበሪያ ያለፈው ቁራጭ በምን ያህል ፍጥነት እንደደረሰ ይለካል፤ የሚቀጥለውን በየትኛው ጥራት እንደሚጠይቅ ይወስናል፤ ቀድሞ የደረሰውንም ሜሞሪው ላይ ያጠራቅማል። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ጣራ ላይ ያለው ሮቶ እስካልደረቀ ድረስ ቧንቧው ቢቋረጥም ማድ ቤት ውስጥ ውሃ አለ። ክቧ የምትሽከረከረው ሮቶው ሲደርቅ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ሥዕሉ ለጥቂት ጊዜ ደብዘዝ ብሎ ተመልሶ ከጠራ መተግበሪያው ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ እንዳይቆም ብሎ ጥራቱን ቀንሷል። ስለዚህ ጥራቱን በግድ 1080 ወይም 4ኬ ላይ የሚቸነክር ሰው ይህንን መከላከያ በገዛ እጁ ያነሣል። «አውቶ» የሚለው ምርጫ ላይ ተዉት። ወይም ቴሌቪዥናችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ከሩቅ ሶፋ ላይ ሆናችሁ የምታዩት ከሆነ፣ 720 በቂ ነው፤ የ4ኬ ማስታወቂያ የሚያወራው ስለ ሱቁ እንጂ ስለ ዓይናችሁ አይደለም።

ለመሆኑ ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል? ኔትፍሊክስ ለ720 ጥራት 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለ1080 5፣ ለ4ኬ 15 ይበቃል ይላል። ዩቲዩብ ለ720 2.5፣ ለ1080 5፣ ለ4ኬ 20 ይመክራል። ልብ በሉ፣ ይህ ሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስናወርድ የምናየው ሜጋ ባይት ስምንት እጥፍ ይበልጠዋል። 10 ሜጋ ቢት የገዛ ሰው ስልኩ ላይ 1.2 ሜጋ ባይት ሲያይ ተሰረቅሁ ብሎ ይቆጣል፤ አልተሰረቀም። እንግዲህ 10 ሜጋ ቢት ያለው ቤት አንድ የ1080 ቪዲዮ ያለ ችግር ማየት ነበረበት። ካልቻለ በመንገድ ላይ የሆነ ቦታ የሚጠፋ ነገር አለ ማለት ነው፤ 10ሩን 20 ማድረግ ደግሞ የሚጠፋበትን ቦታ አይነግረንም።

ፍለጋው በጥያቄ ይጀምራል፤ ጥያቄዎቹም ነጻ ናቸው። የሚቆመው ሁልጊዜ ነው ወይስ ማታ ማታ? ዩቲዩብ ብቻ ነው ወይስ ሌሎቹም? ይህ ቴሌቪዥን ብቻ ነው ወይስ የልጆቹም ስልክ? ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ ቆሞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እንደ ልቡ የሚሄድ ከሆነ በአብዛኛው ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ አይደለም። አንዱ መተግበሪያ ቆሞ ሌላው ከሠራ ራውተሩን አትንኩት።

ቀጥሎ መለካት ነው፤ እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ስልኩን ይይዝና ራውተሩ አጠገብ ቆሞ ፍጥነት ይለካል፤ «ይኸው ሙሉ ነው!» ይላል። ቴሌቪዥኑ ግን ራውተሩ አጠገብ አልቆመም። ስልኩን ቴሌቪዥኑ ስር አስቀምጣችሁ ለኩ። ከዚያ የተሻለው በራሱ በቴሌቪዥኑ መለካት ነው፦ ብራውዘር ካለው ፋስት ዶት ኮም የሚለውን ክፈቱ፤ የኔትፍሊክስ ነው፣ የሚለካውም ቪዲዮዎቹ ከሚመጡባቸው ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ነው።

ዩቲዩብ ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው መመርመሪያ አለው። ቪዲዮው እየታየ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ምረጡ። ጥግ ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ ይወጣል። ከውስጡ ሁለት መስመር ብቻ እዩ። «በፈር ኸልዝ» የሚለው ሮቶው ውስጥ የስንት ሰከንድ ቪዲዮ እንዳለ ይነግራችኋል። ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ ዜሮ ሲደርስ ቪዲዮው ከቆመ ችግሩ የኔትወርክ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሳለ ሥዕሉ የሚንተባተብ ከሆነ «ድሮፕድ ፍሬምስ» የሚለውን ተመልከቱ፤ እሱ እየጨመረ ከሄደ ቪዲዮው በሰላም ደርሷል፣ ያቃተው ቴሌቪዥኑ ነው። በዚህ ጊዜ የዓለምን ኢንተርኔት ሁሉ ብትገዙ አይረዳችሁም። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህቺ ሰንጠረዥ ትሁን።

ያቃተው ቴሌቪዥኑ ከሆነስ? ብዙ ስማርት ቲቪ በሪሞት ሲጠፋ በእርግጥ አይጠፋም፤ ያሸልባል። ከወር በፊት የተከፈተ መተግበሪያ ሜሞሪውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሶኬቱን ንቀሉት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ሰኩት። የማትጠቀሙባቸውን መተግበሪያዎች አጥፉ፤ የብዙ ቴሌቪዥኖች ማከማቻ ከርካሽ ስልክ ያነሰ ነው። ያረጀ ሞዴል ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን መተግበሪያው ጨርሶ ሊተወው ይችላል፦ ኔትፍሊክስ በዲሴምበር 2019 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ አሮጌ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራት አቁሟል። ስክሪኑ ደህና ከሆነ ቴሌቪዥኑን አትጣሉት፤ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን አእምሮውን ይተካለታል።

ሪሲቨር ላይ ዩቲዩብ የምታዩም አላችሁ። ከኋላው ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ የዋይፋይ አንቴና ብዙ ጊዜ የምትሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ነው፤ በሪሲቨሩና በግድግዳው መካከል ተደብቃም ነው የምትኖረው። አጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገዝታችሁ ወደ ፊት አውጧት፤ ልዩነቱን ታያላችሁ። ሌላው የቀኑ ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሪሲቨሩ ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መልሶት ሊሆን ይችላል። ወይም አንድ ቅን ሰው በኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። የኛ ዓመተ ምሕረት ደግሞ ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ መተግበሪያው የሩቁን ሰርቨር የምስክር ወረቀት ሲመረምር «ይህ ገና ያልወጣ ሰነድ ነው» ብሎ ግንኙነቱን ይከለክላል። ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ምንም ነገር አልከፍት ካለ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። መስቀልንና ፋሲካን በኛ አቆጣጠር እናክብር፤ ሪሲቨሩ ግን በፈረንጁ ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ፣ ወደ ዋይፋይ። ቤት ለቤት ያየሁት አብዛኛው መዘግየት የሚወለደው እዚህ ነው።

ዋይፋይ ራዲዮ ነው። ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉት፦ 2.4 ጊጋ ኸርዝ እና 5 ጊጋ ኸርዝ። የመጀመሪያው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው፣ ሰውም ይበዛበታል። ብሉቱዝ እዚያው ነው። ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋ ኸርዝ ገደማ ነው፤ ራት በሚሞቅበት ደቂቃ ቪዲዮው ቢቆም ምትሃት አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ያሉት ጎረቤቶች ራውተሮች ሁሉ በዚያው ላይ ይነጋገራሉ። በዚህ መንገድ ላይ ሳይነካኩ አብረው መሥራት የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ራውተራችሁ ውስጥ ገብታችሁ ሰው የቀነሰበትን መምረጥ ትችላላችሁ። 3 ወይም 4 የሚመርጥ ሰው ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል፤ ራሱንም ጎረቤቱንም ይጎዳል።

5 ጊጋ ኸርዝ ሰፊ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። በተለይ ብረት ያለበት ኮንክሪት። እናም ቴሌቪዥኑና ራውተሩ በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ስስ ግድግዳ ልዩነት ካሉ 5ን ምረጡ፤ ከዚያ ካለፈ ሁለቱንም ሞክራችሁ በሰንጠረዧ ፍረዱ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ መሆኑ ብቻ አያሳምናችሁ፤ ምልክቱ የሚነግራችሁ ድምፁ እንደሚሰማ እንጂ መንገዱ ነጻ መሆኑን አይደለም።

ራውተሩን የምናስቀምጥበትን ቦታ በተመለከተ የኛ ቤቶች የራሳቸው ባህል አላቸው። መልኩ ስለማያምር ብፌ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ቴሌቪዥኑ ጀርባ ይወረወራል፣ ወይም ማቀዝቀዣው ላይ ይሰቀላል። ማቀዝቀዣ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው፤ ቴሌቪዥን ራሱ ጀርባው ብረት ነው፤ የብፌ መስታወት ጀርባም በብረት የተቀባ ነው። ሦስቱም ራዲዮን ይመልሳሉ። በራውተሩ ላይ የሚጣለው ዳንቴል፣ እናቶቼ አይቀየሙኝ፣ ራዲዮውን አይከለክልም፤ ሙቀቱን ግን ያፍናል፣ የጋለ ራውተር ደግሞ ይንተባተባል። ራውተሩ የሚገባው ከፍ ያለ፣ የተገለጠ፣ የቤቱ መሀል የሆነ ቦታ ነው። አንድ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ነገር ሊለውጥ ይችላል፤ ዋጋውም ዜሮ ነው።

ሱቆች የሚሸጡላችሁ ሪፒተር ግን ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። ርካሾቹ ሰምተው መልሰው የሚናገሩት በአንዱ ራዲዮ፣ በአንዱ ቻናል ላይ ስለሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቆርጡታል። ሳሎን ውስጥ ምልክቱ ሙሉ ይሆናል፤ ቪዲዮው ግን ይቆማል። ለዚህ ገንዘብ ከማውጣት አንድ የኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ዘርጉ። በብዙ ስማርት ቲቪ ላይ ያለው የኬብል ቀዳዳ ከ100 ሜጋ ቢት አያልፍም፤ የሚያውቅ ሰው «ዋይፋዩ ከዚያ ይበልጣል» ብሎ ይከራከራችኋል። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ነገር ግን 100ው ዝናብ ቢዘንብ፣ ጎረቤት ቢበዛ፣ ማይክሮዌቭ ቢበራ ያው 100 ነው፤ የአንድ 4ኬ ቪዲዮ ፍላጎትም ከዚያ ሩብ አይሞላም። በኔ ፍርድ ኬብል የሚደርስበት ቴሌቪዥን በዋይፋይ መሥራት የለበትም።

ኬብሉ ተዘርግቶም ከቆመ ወደ መስመሩ እንወጣለን። እዚህ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የሚወጣው መንገድ። ቴሌቪዥኑ መረጃ በደረሰው ቁጥር «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የሚል መልስ ይልካል። በብዙ መስመር፣ በተለይ በመዳብ ሽቦ በሚመጣው ኤዲኤስኤል፣ የሚወጣው መንገድ ከሚገባው በጣም ይጠባል። ሰርግ ውሎ የመጣ ቤተሰብ እስቲ አስቡ፦ የሁሉም ስልክ ዋይፋዩን እንዳገኘ ፎቶውንና ቪዲዮውን ወደ ጉግል ፎቶስ መላክ ይጀምራል። ጠባቧ መውጫ ትጨናነቃለች፤ የቴሌቪዥኑ መልስ ወረፋ ይይዛል፤ ላኪውም መልስ ስለዘገየበት ይቀዛቀዛል። ሌላ ማንም ቪዲዮ ሳያይ ቪዲዮው ይቆማል። የስልኮቹን ዋይፋይ አጥፍቶ ማየት ምርመራውን ይጨርሳል።

ላኪው ራሱን የሚገታበት ሥርዓት ታሪክ አለው። በኦክቶበር 1986 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። 40! ኮምፒዩተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ ደግመው ደጋግመው እየላኩ መንገዱን ራሳቸው ዘግተውት ነበር። ቫን ጃኮብሰን ነገሩን መርምሮ በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ መንገዱ ሲጨናነቅ ላኪው እንዲቀንስ፣ ሲከፈት ቀስ እያለ እንዲጨምር የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ። ዛሬ በብዙ መልኩ ተሻሽሎ የሚሠራው ያ ሐሳብ ነው። ኢንተርኔት የቆመው በዚህ ትሕትና ላይ ነው፤ የቪዲዮው መዘግየት የሚመጣውም አንዳንዴ ከዚሁ ትሕትና ነው።

መስመሩ ፋይበር ከሆነ በሣጥኑ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚለውን መብራት እዩ፤ ቀይ ከበራ የብርሃኑ ምልክት ተቋርጧል፣ ቴክኒሻን ነው የሚያስፈልጋችሁ። ከግድግዳ የወጣችውን ቀጭን ሽቦ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ አትጠፏት፤ ውስጧ መስታወት ነው፣ ስትታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል። ኢንተርኔታችሁ ሲም ካርድ በሚገባበት የ4ጂ ራውተር ከሆነ መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ አንዱን አንቴና ከሰፈሩ ሁሉ ጋር እንደምትጋሩም እወቁ።

ለኢንተርኔት አቅራቢው ስትደውሉ «ኢንተርኔት የለም» አትበሉ። በኬብል የለካችሁትን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ንጋት ላይ ስንት እንደሆነና ማታ ስንት እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ። በዋይፋይ ለክቶ በኬብል ለካሁ የሚል ደንበኛ አለ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በኬብል ተለክቶ፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ፣ በየትኛውም ሰዓት ከገዛችሁት በጣም የሚያንስ ከሆነ የመጠየቅ መብታችሁ ሙሉ ነው። ከገዛችሁት ጋር እኩል ሆኖ፣ በቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን በአንዴ ስለሚከፈት ካልበቃ ደግሞ ያኔ ፓኬጁን አሳድጉ። ለዚህ ነው ፓኬጅ የተሠራው።

የቀረው ሩቁ ጫፍ ነው፤ በእሱ ላይ ያለን ሥልጣን ትንሽ ነው። ዩቲዩብም ኔትፍሊክስም ብዙ የሚታዩ ቪዲዮዎችን በብዙ አገር ባሉ አቅራቢዎች ግቢ ውስጥ በሚተክሏቸው ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከባሕር ማዶ በየጊዜው እንዳይመላለሱ። ቪፒኤን ከፍቶ የሚያይ ሰው ይህን ጥቅም ይጥላል፤ ቪዲዮው ሌላ አገር ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። ጓደኞቻችሁ «ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 አድርገው» ይሏችኋል። ዲኤንኤስ አድራሻ ፈላጊ ነው፤ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ሊረዳ ይችላል፣ የቪዲዮውን ፍሰት ግን አያሰፋውም። እንዲያውም አንዳንዴ ቅርብ ካለው ሰርቨር ይልቅ ወደ ሩቁ ሊመራችሁ ይችላል። አንዳንዴም ውሳኔው ከላይ ይመጣል፦ በማርች 2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት አውሮፓ ቤቱ ሲከት፣ ኔትፍሊክስ በአውሮፓ ኅብረት ጥያቄ የሚልከውን መጠን በ25 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። በዚያ ሰሞን ብራስልስ ውስጥ ራውተሩን ሲነቅልና ሲሰካ ያመሸ ሰው በከንቱ ደከመ።

ወደ ኬብሉ ልመለስና፣ ከመካከላችሁ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ እየሠሩ ያሉ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። ኤሌክትሪሺያኑ ለሳሎኑ ቴሌቪዥን የመብራት ሶኬትና የዲሽ ገመድ መግቢያ ያወጣል፤ ለኔትወርክ ኬብል ግን የሚያወጣ እምብዛም አይገኝም። ግድግዳው ሳይለሰን በፊት፣ ኢንተርኔቱ ከሚገባበት ቦታ እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ አንድ ባዶ ቱቦ እንዲቀብር ንገሩት። ኬብሉን በኋላ ታስገቡታላችሁ። ልስኑ ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማስፈልፈል ነው፤ ዋጋውም ከቱቦው ጋር አይወዳደርም።